ስለ ላፕቶፕ ባትሪ መድከምና ስለ ዋስትናው ቃል

በገበያ ውስጥ ከሚነገሩት ቃላት መካከል «የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» እንደሚለው ያለ በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ፣ ኋላ ግን ከብዶ የሚገኝ ቃል እምብዛም የለም። ሻጩ ቃሉን የሚሰጠው ዕቃው እንዲሸጥለት ነው፤ ገዢውም ገንዘቡን የሚቈጥረው ቃሉን አምኖ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች ቃሉን በአንድ ዓይነት ትርጓሜ ተረድተውት እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው ዕቃው እክል ካገኘው በኋላ ነው። በዚህ ረገድ በዛሬው ጊዜ ነጋዴንና ደንበኛን ከሚያከራክሩት ዕቃዎች አንዱ ላፕቶፕ የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ከክፍሎቹም ይልቁንም ነገር የሚያመጣው ባትሪው ነው።

ክርክሩ የሚነሣበት መንገድ ዕቃውን ለሚሸጡ ባለሱቆች ሁሉ የታወቀ ነው። አንድ ደንበኛ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ በሄደ በአሥረኛው ወር ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል። ሲገዛው አምስት ሰዓት ያሠራ የነበረው ባትሪ አሁን ከሁለት ሰዓት በላይ እንደማይቈይ ያመለክታል። ባለሱቁም «ዋስትናው ለኮምፒዩተሩ እንጂ ለባትሪው አይደለም» ሲል ይመልስለታል። ደንበኛው «ይህ የት ተጽፏል?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ በደረሰኙ ላይ የሚገኘው «ዋስትና 1 ዓመት» የሚል አጭር ቃል ብቻ ይሆናል። ባለሱቁ ነገሩን ወደ አስመጪው ይመራዋል፤ አስመጪው በውጭ አገር ላለው አቅራቢ ይጽፋል፤ አቅራቢውም ባትሪ በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን ጠቅሶ ይመልሳል። በዚህ ሁሉ የደብዳቤ ልውውጥ ውስጥ የሰረቀ ወይም ያታለለ ሰው ላይኖር ይችላል። የጎደለው በሽያጩ ቀን መጻፍ የነበረበት አንድ መስመር ነው። ኪሣራው ግን እውነተኛ ነው፤ ደንበኛው ገንዘቡን፣ ባለሱቁ ደንበኛውን፣ አስመጪውም ስሙን ያጣል።

እንግዲህ የነገሩ መፍትሔ ባትሪውን ከዋስትናው ዝም ብሎ ማስወጣት አይደለም፤ ወይም የባትሪውን ድካም ሁሉ ሻጩ እንዲሸከመው ማድረግ አይደለም። መፍትሔው ባትሪው በዋስትናው ወረቀት ላይ ለብቻው የተለየ መስመር እንዲኖረው፣ በዚያም መስመር ላይ የሚጠበቀው አቅም በቍጥር እንዲጻፍ፣ ከአስመጪው እስከ ቸርቻሪው ያለውም ነጋዴ ሁሉ ባትሪው በእጁ በነበረበት ጊዜ ለደረሰው ድካም ድርሻውን እንዲወስድ ማድረግ ነው። ይህ አሳብ ትክክል መሆኑን ለማስረዳት በመጀመሪያ ባትሪው ምን ዓይነት ዕቃ መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል።

ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል። ይህ ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ አማካይነት ሲሆን፣ ለመገኘቱ መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት፣ ማለት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀብለዋል። ባትሪው ክብደቱ ቀላል ሆኖ ብዙ ኀይል ስለሚይዝ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተርንና የእጅ ስልክን ዛሬ ለደረሱበት ደረጃ ያበቃ ዕቃ ነው። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሲሠራበት ብቻ ሳይሆን ተቀምጦም ማርጀቱ ነው።

የመጀመሪያው እርጅና በአገልግሎት የሚመጣው ነው። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት በዙር ነው። ከባትሪው አቅም መቶ በመቶ የሚያህል ኀይል ወጥቶ በሌላ ሲተካ አንድ ዙር ይባላል። ዛሬ ግማሹ፣ ነገም ግማሹ ቢወጣ በሁለቱ ቀን አንድ ዙር ተፈጸመ ማለት ነው። ዙሩ በተቈጠረ መጠን ባትሪው ሞልቶ የሚይዘው ኀይል እየቀነሰ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል አፕል ኩባንያ ማክቡክ የተባሉት የዛሬ ላፕቶፖቹ ባትሪ ከ1,000 ዙር በኋላ ከመጀመሪያው አቅሙ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ይዞ እንዲገኝ ሆኖ የተሠራ መሆኑን ይገልጻል።

ሁለተኛው እርጅና በዘመን ብቻ የሚመጣው ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከአሉታዊው ክፍል ጋር ሲገናኝ ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ባትሪውን ይጠብቀዋል፤ ሆኖም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወፈረ ኀይል የሚያመላልሰውን ሊቲየም ይበላበታል። ይህን መወፈር የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ሙቀትና ሞልቶ መቀመጥ ናቸው። ከዚህም የተነሣ አንድም ቀን ያልተሠራበት ባትሪ በመጋዘን መደርደሪያ ላይ ሳለ ሊያረጅ ይችላል።

የካዴክስ ኩባንያ መሥራች አይሲዶር ቡክማን ያሰራጩትና በሙያው ውስጥ በሰፊው የሚጠቀሰው ሠንጠረዥ ይህን በግልጥ ያሳያል። አንድ ሊቲየም አዮን ባትሪ 40 በመቶ ያህል ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት ቢቀመጥ ከአቅሙ 96 በመቶ ያህል ይቀርለታል። ያው ባትሪ በዚያው ሙቀት ሙሉ ለሙሉ ተሞልቶ ቢቀመጥ ግን የሚቀርለት 80 በመቶ ያህል ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሆነ ጊዜ በ40 በመቶ የተሞላው ወደ 85፣ ሙሉ የሆነው ደግሞ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ነጋዴ ይህን ቍጥር በሚገባ ቢመለከተው ይጠቅመዋል። በ96 እና በ65 መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው ፋብሪካውም ደንበኛውም አይደሉም፤ ያመጣው አቀማመጡ ነው፤ አቀማመጡም በነጋዴው እጅ ያለ ነገር ነው።

ይህ ከሆነ የፋብሪካዎቹ የዋስትና ቃል ምን እንደሚል መመልከት ተገቢ ነው። አፕል ለአንድ ዓመት በሚሰጠው ውሱን ዋስትና ውስጥ እንደ ባትሪ ያሉ በጊዜ ብዛት የሚደክሙ ክፍሎች በዕቃው ወይም በአሠራሩ ጉድለት ካልተበላሹ በቀር በዋስትናው እንደማይሸፈኑ ይደነግጋል። ዴል ኩባንያም ኮምፒዩተሩ የሦስት ዓመት ዋስትና ያለው ቢሆን እንኳ ለባትሪው በተለምዶ የሚሰጠው የአንድ ዓመት ዋስትና ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉት ፋብሪካዎች ባትሪውን ከኮምፒዩተሩ ለይተው መጻፋቸው የቈየ ልማድ ነው። ልዩነቱ የሚጠፋው ዕቃው ወደ አገር ውስጥ ገብቶ ረጅሙ የዋስትና ወረቀት በደረሰኝ ላይ ወደ ሁለት ቃል ሲያጥር ነው።

በመሠረቱ በባትሪ ላይ የሚደርሰው እክል በሦስት ይከፈላል፤ እነዚህም ጉድለት፣ ጉዳትና ድካም ናቸው። ጉድለት ማለት ከፋብሪካው ሲወጣ የነበረበት እንከን ነው። ለዚህ ታላቅ ምሳሌ የሚሆነው በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። በዚያን ጊዜ ሶኒ በሠራቸው ባትሪዎች ላይ የእሳት አደጋ የሚያመጣ እንከን በመገኘቱ ዴል 4.1 ሚሊዮን፣ አፕልም 1.8 ሚሊዮን ባትሪዎችን ከደንበኞች እጅ መልሰው እንዲሰበሰቡ አድርገዋል። እንዲህ ያለውን እክል ደንበኛው እንዲሸከመው የሚጠይቅ ሕሊና ያለው ነጋዴ አይኖርም። ጉዳት ማለት ደግሞ ኮምፒዩተሩ ወድቆ፣ ውሃ ፈስሶበት ወይም የማይስማማ ቻርጀር ተሰክቶበት የሚመጣው ነው፤ ይህንንም ሻጩ ሊሸከመው አይገባም። ሦስተኛው ድካም ነው፤ እርሱም ከላይ የተነገረው የዙርና የዘመን እርጅና ነው።

ክርክር ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። ባትሪ እንደሚደክም የታወቀ ቢሆንም በአሥር ወር ውስጥ ግማሽ አቅሙን ያጣ ባትሪ «የተለመደ ድካም ነው» ቢባል ደንበኛው አያምንም፤ አለማመኑም አይፈረድበትም። በሌላ በኩል በዓመት ውስጥ ከመቶ አሥር ያህል የቀነሰ ባትሪ ጉድለት አለበት ተብሎ አዲስ ቢጠየቅበት ሻጩ ይጎዳል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ወሰን የሚሆነው ቍጥር ነው። ቍጥሩ ካልተጻፈ ክርክሩ ድምፁን ከፍ ባደረገው ወገን ይወሰናል።

አሁን ደግሞ ባትሪው ከፋብሪካ እስከ ደንበኛው እጅ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የተጫነ ዕቃ ባሕሩን አቋርጦ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በዚያም በበጋ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ በፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ከዚያም ይብሳል። ከዚያ በኋላ የጉምሩክ ሥርዓት ይፈጸማል፤ ወደ አስመጪው መጋዘን ይገባል፤ በጅምላ ይሸጣል፤ ከቸርቻሪውም መደርደሪያ ላይ ወራት ይቀመጣል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ለባትሪ የተስማማ ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለው ባለሱቅ ግን ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ዕቃ ሲያከማች የባትሪውን ዕድሜ እያከማቸ አይደለም፤ እየቀነሰው ነው። በመጨረሻም ደንበኛው «አዲስ» ተብሎ የሚገዛው ላፕቶፕ በእርግጥ ያልተሠራበት ቢሆንም ባትሪው ግን የአንድ ዓመት ወይም የዓመት ከመንፈቅ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የዋስትናው መጀመሪያ ቀን የሚያስከትለው ችግር አለ። ፋብሪካው ዋስትናውን የሚቈጥረው ዕቃውን ለመጀመሪያው ገዢ ከሸጠበት ወይም ከላከበት ቀን ጀምሮ ከሆነ፣ ባለሱቁ ደግሞ ለደንበኛው ከደረሰኙ ቀን ጀምሮ ቃል ከገባ፣ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ጊዜ ሁሉ ዋስ የሚሆነው ባለሱቁ ብቻ ነው። ብዙ ባለሱቅ ይህን ዕዳ መግባቱን የሚያውቀው አቤቱታ በቀረበበት ቀን ነው። ደግሞም የፋብሪካው ዋስትና ለተሸጠበት አገር ብቻ የተወሰነ ሊሆን ስለሚችል በዱባይ ገበያ የተገዛ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ ዋስትናው የሚጸና መሆኑንና አለመሆኑን አስመጪው አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል።

ቡና ላኪዎች ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ቡና ሲሸጥ ደረጃው ብቻ ሳይሆን የመኸሩ ዘመን በውሉ ላይ ይጻፋል። ያለፈው ዓመት መኸር በጥሩ ጆንያ ቢቀመጥም የዘንድሮው መኸር ዋጋ አያወጣም፤ ገዢውም ያንን አውቆ ይገዛዋል። ደግሞ ከብዙ ጆንያ መካከል ናሙና ወጥቶ ይመረመራል እንጂ እያንዳንዱ ፍሬ አይቈጠርም። ለውጭ ገዢ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርግ የንግድ ማኅበረሰብ ለአገሩ ሰው የባትሪውን የተሠራበትን ዘመን መግለጥ ሊከብደው አይገባም።

ያገለገሉ ላፕቶፖች ንግድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ሱቆች «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ የሚሸጠው ኮምፒዩተር ለተማሪና ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት ትልቅ ጥቅም የሚሰጥ ዕቃ ነው። ዋጋው ከአዲሱ ያነሰ መሆኑ ሰውን ከሥራ ያገናኛል። ሆኖም የዚህ ዕቃ ባትሪ ምን ያህል ዙር እንደ ተሠራበት ሳይታወቅ «ባትሪው ጥሩ ነው» ብሎ መሸጥ፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትር ሳያዩ መኪና እንደ መሸጥ ያለ ነው። ከሌላው ክፍል በፊት የሚያረጀው ባትሪው ስለ ሆነ የዕቃው ዋጋ ከባትሪው ቍጥር ጋር መያያዝ ይገባዋል።

ቍጥሩን ማግኘት ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በዊንዶውስ ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ በአንድ አጭር ትእዛዝ የባትሪ መግለጫ ያወጣል። በመግለጫውም ላይ በፋብሪካ የተወሰነው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው አቅም ተጽፈው ይገኛሉ። በማክቡክም ላይ የዙሩ ቍጥርና የባትሪው ሁኔታ ከኮምፒዩተሩ መግለጫ ላይ ይነበባል። ይህ ሥራ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ከሽያጩ በፊት በደንበኛው ፊት ከፍቶ ማንበብና በደረሰኙ ላይ መጻፍ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ላፕቶፕ ባትሪ በፋብሪካ የተወሰነው አቅም 50 ዋት-ሰዓት ቢሆንና በሽያጩ ቀን ሞልቶ የሚይዘው 48 ሆኖ ቢገኝ፣ ደረሰኙ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የባትሪው አቅም በሽያጩ ቀን 48 ዋት-ሰዓት። በ12 ወር ውስጥ፣ ዙሩ ከ300 ሳያልፍ፣ ከዚህ አቅም ከ80 በመቶ በታች ቢወርድ ሻጩ ይተካል። መውደቅ፣ ውሃና የማይስማማ ቻርጀር ያመጡት ጉዳት ግን አይሸፈንም።» የ48 ዋት-ሰዓት 80 በመቶ 38.4 ነው። በአሥረኛው ወር ባትሪው 41 ሆኖ ቢገኝ ደንበኛው የተለመደ ድካም መሆኑን ከራሱ ደረሰኝ ላይ አንብቦ ይሄዳል። 33 ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ሻጩ ያለ ክርክር ይተካለታል። ወራቱና መቶኛው እንደ ዕቃው ዓይነትና ዋጋ ሊለያይ ይችላል፤ ሊለያይ የማይገባው መጻፉ ነው።

በአስመጪና በቸርቻሪ መካከል ያለውም ሒሳብ በዚሁ መንገድ ሊስተካከል ይችላል። አስመጪው ዕቃው ወደ መጋዘኑ ሲገባ ከየጭነቱ ጥቂት ካርቶኖችን በናሙና ከፍቶ የባትሪውን አቅምና የተሠራበትን ጊዜ ይመዝግብ። ለቸርቻሪው ሲያስረክብም እንዲሁ ያድርግ። በሁለቱ ምዝገባ መካከል የታየው ልዩነት የአስመጪው ድርሻ ነው፤ ከርክክቡ በኋላ እስከ ሽያጩ ቀን የታየው ልዩነት ደግሞ የቸርቻሪው ድርሻ ነው። በዚህ ሁኔታ ምትክ ባትሪ መስጠት በደረሰ ጊዜ ወጪውን በድርሻ መክፈል ይቻላል። ዛሬ ግን ወጪው የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ አቅሙ ባነሰው በባለሱቁ ላይ፣ ወይም ከሁሉ ይልቅ ዕውቀቱ ባነሰው በደንበኛው ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ ድካሙን አስቀድሞ መቀነስ ይቻላል። ዕቃው በመጋዘን ሲቀመጥ ባትሪው ወደ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣራ ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይሁን። ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ለብዙ ወራት መቀመጡም ባትሪውን እስከ መጨረሻው ሊያበላሸው ስለሚችል በየጥቂት ወሩ መመልከት ያስፈልጋል። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይሸጥ። ለማሳያ ተብሎ ቀኑን ሙሉ በቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚውለው ላፕቶፕ ሞልቶና ሞቆ የሚውል ስለ ሆነ ኋላ እንደ አዲስ ዕቃ ሊሸጥ አይገባም። ዛሬ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሞላቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ ይገኛል። ኮምፒዩተሩን ሁልጊዜ ከቻርጀር ጋር አያይዞ ለሚሠራ የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ማሳየት አንዲት ደቂቃ የምትፈጅ፣ ነገር ግን ደንበኛን የምታተርፍ አገልግሎት ናት። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ባትሪውን አምኖ ለሚሠራው ሰው ደግሞ ሙሉውን አቅም መጠቀም እንደሚያስፈልገውና የዙሩም ቍጥር ቶሎ እንደሚጨምር መንገር ተገቢ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ከነጋዴዎች ወገን ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ስለ ባትሪው ድካም ከተናገርን ደንበኛው ፈርቶ ወደ ጐረቤት ሱቅ ይሄዳል» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ዝም ቢል የጻፈው ለጊዜው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነው ነገሩ የአንድ ሱቅ ብቻ ሳይሆን በንግድ ምክር ቤቱ አባሎች መካከል በጋራ የሚመከርበት ሊሆን የሚገባው። አንድ ወጥ የባትሪ ዋስትና ወረቀት በአማርኛ ተዘጋጅቶ አባሎች ሁሉ ቢጠቀሙበት፣ መጠርጠር የሚጀምረው ወረቀቱ ያለበት ሱቅ መሆኑ ቀርቶ የሌለበት ይሆናል።

ሁለተኛው «ደንበኛው ራሱ ባትሪውን አበላሽቶ ይመጣል» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን እርሱን ለይቶ ለማወቅ የሚረዳው ይኸው መዝገብ ነው። በአሥር ወር ውስጥ ዙሩ አምስት መቶ የደረሰ ባትሪ የደከመው በሥራ ብዛት መሆኑን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይመሰክራል። ቍጥር የሌለበት ዋስትና ታማኙንም ደንበኛ እንደ አታላይ፣ አታላዩንም እንደ ታማኝ እንዲታይ ያደርጋል።

ሦስተኛው ስለ ወጪ የሚነሣው ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከብዷል። ምትክ ባትሪ ማቅረብ በሌላ መንገድም ቀላል አይደለም። በዓለም አቀፍ የአየር መጓጓዣ ደንብ መሠረት ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላንም ሲላክ ከአቅሙ ከ30 በመቶ በላይ ተሞልቶ መጫን የለበትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የዕቃው ውድነት ለዝምታ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ባትሪው በውድ የሚተካ ከሆነ የመተካቱ ግዴታ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማወቅ ለነጋዴውም ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገዋል። አስመጪው ከመቶ ላፕቶፕ ጋር ጥቂት ምትክ ባትሪዎችን በአንድ ትእዛዝ ቢያዝዝና የዋስትናውን ወጪ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ቢያስብ፣ ኋላ በችኰላ ከሚያወጣው ወጪ ይድናል። ምትኩ በሌለበት ጊዜ ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ባትሪ ገብቶ አብጦ ወይም ነዶ አደጋ ቢያደርስ፣ የዚያ ዋጋ ከሁሉም ይበልጣል።

ሕጉም ቢሆን ለዝምታ የሚያመች አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ባትሪው በምን አቅም ላይ እንደ ተሸጠ የተጻፈ ነገር ከሌለ ግን ዳኛው ፊት ቀርቦ «ከውሉ ጋር የተስማማ ነበር» ብሎ ማስረዳት ለሻጩ ያስቸግረዋል። ስለዚህ የተጻፈው መስመር ከደንበኛው ይልቅ ለነጋዴው ጋሻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዓለም ገበያም አካሄድ ወደዚሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሻጮች ለግል ተጠቃሚ ለሚሸጡት ዕቃ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ኀላፊነት እንዲኖርባቸው ደንግጓል። በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣውም የባትሪ ደንብ በተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉት ባትሪዎች ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊተካቸው በሚችል አኳኋን እንዲሠሩ በጠቅላላው አዟል። ፋብሪካዎቹ ለትልቁ ገበያ የሚሠሩትን ለትንሹም ገበያ መላካቸው የታወቀ ስለ ሆነ፣ ባትሪ የሚተካባቸው ላፕቶፖች ወደዚህ አገርም መድረሳቸው የሚጠበቅ ነው። በዚያን ጊዜ ምትክ ባትሪ መሸጥ ራሱን የቻለ ጥሩ ንግድ ይሆናል። በዚህ ንግድ ተጠቃሚ የሚሆነው ግን ባትሪውን በቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥን፣ የተሠራበትን ቀን ማንበብንና አቅሙን መዝግቦ መሸጥን ከአሁኑ የለመደ ነጋዴ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው የባትሪም እውነት ከወራት በኋላ መገለጡ አይቀርም፤ ዋስትናው ላይ ተሸፍኖ የቀረ ባትሪ የለም። ስለዚህ አስመጪው በሚቀጥለው ትእዛዙ ላይ የባትሪው የተሠራበት ቀንና የዋስትናው መጀመሪያ በጽሑፍ እንዲገለጥለት ይጠይቅ። ጅምላ ሻጩ በርክክቡ ሰነድ ላይ የናሙናውን አቅም ያስፍር። ባለሱቁም ከነገ ጀምሮ ደረሰኝ ሲቈርጥ «ዋስትና 1 ዓመት» ከሚለው ቃል በታች የባትሪውን ቍጥር የሚጽፍበት አንድ መስመር ይጨምር። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ መስመር ቀለም ነው፤ የሚያድነው ግን ከአሥር ወር በኋላ በሱቁ ደጃፍ የሚመጣውን ክርክር ነው።